ገበያው እኮ ቀዝቅዟል

ነሐሴ 2017 ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ጀሞ ውስጥ በማላውቃቸው አዛውንት ቤት ተቀምጬ ቡናቸውን እየጠጣሁ በጣቴ አንጓ ግድግዳቸውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁና «ገበያው እኮ ቀዝቅዟል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ቃሉ የእኔ አልነበረም። ማንኳኳቱም የእኔ አልነበረም። ከሳምንት በፊት አንድ ነጋዴ የእናቴን ወጥ ቤት ግድግዳ ልክ እንደዚያ አንኳኩቶ ያንኑ ቃል ነግሮኛል፤ እሱ ግን «እህቴ» ነበር ያለኝ። ያን ዕለት ሌሊቱን ስረግመው ነው ያደርኩት።

አዛውንቱ ምን ብለው እንደ መለሱልኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር የሚያከራክረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ልንሸጥ ነው፣ ልንገዛ ነው እያሉ ምክር የሚጠይቁኝ ዘመዶች በዝተዋል። አንድ ጊዜ የሸጠና አንድ ጊዜ የገዛ ሰው በእኛ ዘንድ እንደ ሊቅ ይቆጠራል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋ ነው፤ እኔ ደግሞ አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ የእኒያ ሰውዬ ነገር ነው።

ሰባ ሁለት ደረጃ

እናቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሊፍት የለውም። ከምድር እስከ በራችን 72 ደረጃ እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት፤ በየቀኑ እየቆጠረች ትወጣለችና አትሳሳትም። ጉልበቷ እያስቸገራት ሲሄድ ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤት በደረጃው ማረፊያ ላይ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አኖሩላት። እዚያ ስትደርስ ትቀመጣለች፣ የያዘችውን ዘንቢል ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ የቀረውን 36 ትያያዘዋለች።

ሐሳባችን ቀላል ነበር። ይህንን ሸጠን እዚያው ሠፈር ምድር ቤት እንግዛላት አልን። ዕድሯም፣ ቤተ ክርስቲያኗም፣ ቡና የምትጠራራቸው ሰዎችም እዚያው ናቸውና ሌላ ሠፈር የሚባል ነገር አልታሰበም። ጥቅምት 2017 ላይ ለሁለት ደላሎች ነገርን።

የጠየቅነው 6 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ብር ነበር። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የነበሩ ጎረቤታችን ከዓመት በፊት በ6 ሚሊዮን ከ400 ሺህ መሸጣቸውን ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። እኛ አንድ ፎቅ ከፍ ስለምንል 200 ሺህ ቀነስን። ይህን ያህል በመቀነሳችን ልከኞች የሆንን መስሎን ነበር።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ግን ዋጋውን ሲሰማ ጮኸ። የጮኸው አነሰ ብሎ ነው። የብር ምንዛሪ ለገበያ የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር፤ እኛ ቤቱን ለገበያ ስናወጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 120 ብር ገደማ ደርሷል። ወንድሜ ሒሳቡን በስልክ ሠራልኝ፦ ሰኔ ላይ ብንሸጠው ወደ 109 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት፣ አሁን 52 ሺህ አይሞላም። «ግማሹ ቤት ወዴት ሄደ?» አለኝ። ቤቱ እዚያው እንዳለ፣ ሁለቱም መኝታ ቤቶች እንዳልተነኩ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እኔም በልቤ ያው ነበርኩ። ብረቱ ጨምሯል፣ ሲሚንቶው ጨምሯል፣ ታዲያ ቤቱ ለምን አይጨምርም?

ችግሩ ሻጭ በዶላር ሲያስብ ገዢ በኪሱ ማሰቡ ነው። የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ብሔራዊ ባንክ ከወሰነ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ማለት ነው፣ ዓመት አልፎት ነበር። በታኅሣሥ 2017 ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ለቤት መግዣ ብድር የሚጠብቀው ሰልፍ አጠረ ሲባል አልሰማሁም። ስለዚህ ሻጭ በከፍተኛ ዋጋው፣ ገዢ በባዶ ኪሱ ተፋጠው ተቀመጡ። ዋጋው ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሰው አንሥቶት ይሄድ ነበር። አልወደቀም፤ ቆሞ ቀረ። ደላላው በሳምንት አንዴ ይደውልና «ሰው ይዤ እመጣለሁ» ይላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ አይመጡም።

ደብዳቤ ይዘው የመጡት

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀዩ ወንበር ላይ አረፍ ብላ ቀስ እያለች ወጣችና እየሳቀች ገባች። እናቴ ወዲያው ወደደቻት። ሌሎቹ ገዢዎች ሁሉ ከበር ጀምረው «ስንት ነው የመጨረሻው?» የሚሉ ነበሩ። ይህቺ ልጅ የጠየቀችው ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ሮቶው የት እንደሚቀመጥ፣ ከጎን ያሉት ሰዎች ልጅ እንዳላቸው ነው። ዛሬ ላይ ሳስበው፣ ሊገዛ የመጣ ሰው ኑሮውን ይጠይቃል፤ ሊሞክር የመጣ ግን ዋጋውን ብቻ። ያኔ ይህን አላወቅሁም።

ባልየው ከቦርሳው ደብዳቤ አወጣ። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከባንክ ጋር ባለው ስምምነት ብድር ተፈቅዶለታል። ከቁጠባቸው ጋር ተደምሮ 5 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ይሆናል። «ከዚህ በላይ የለንም፤ ደብቀን የያዝነው የለም» አለ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳየን። እንደዚያ ያለ ነገር ገበያ ላይ አይደረግም፤ ሰው ካርዱን ገልጦ አይጫወትም። ታዲያ እኔ፣ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ የሆንኩት ሰው፣ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? «ይህን ካሳየን ሌላ ደብቋል» ነው ያልኩት።

ማታ ለወንድሜ ደወልን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ምን ያስቸኩለናል?» አለ። ሜሪላንድ ሆኖ ምንም የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ እውነቱን ነው። እናቴ ምንም አላለችም። ዳቦ ቆርሳ በፌስታል ጠቅልላ የሰጠቻት ልጅ ተመልሳ እንደማትመጣ ግን ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ ደወልኩና «አልተስማማንም» አልኩ።

ጥር ላይ፣ ሌላ ገዢ ሳይመጣ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩላቸው። ባልየው በጣም ጨዋ ነበር። የደብዳቤው ጊዜ አልፎበታል፤ ሲያድስ ተራ ጠብቅ ተብሏል። «ቤቱን ወደነው ነበር፤ የእማማ ዳቦ እስካሁን ይወራል» አለኝ። ወንድ ልጅ ተወልዶላቸዋል። እንኳን ማርያም ማረቻት ብዬ ዘጋሁ።

ለብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስናገር እዚህ ላይ አቆም ነበር፤ አምስት ነጥብ አራት የሰጠን ሰው አምልጦን ቀረ እያልኩ። ለራስ ማዘን ደስ ይላል። እውነቱ ግን እሺ ብንልም ያን ጊዜ መሸጥ አንችልም ነበር። ካርታው በአባታችን ስም ነው። አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመት ሲሆነው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ለማውጣት ከመካከላችን የሄደ ሰው አልነበረም። የወንድሜ ውክልና ደግሞ ዋሽንግተን ኤምባሲ ተፈርሞ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መግባት አለበት። ይህ ሁሉ ሲያልቅ መጋቢት ሆነ። የልጁ ደብዳቤ ይህን ያህል አይጠብቀንም ነበር። አራት ወር ሙሉ የተከራከርነው ልንሸጠው በማንችለው ቤት ዋጋ ላይ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ስለዚህ ዘመዶቼ ሲጠይቁኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ካርታው በማን ስም እንደሆነ ነው። የሞተ ሰው ስም ካለበት፣ የተፋታ ሰው ስም ካለበት፣ ውጭ ያለ ወራሽ ካለ፣ ለደላላ ከመደወል በፊት እሱን ጨርሱ እላለሁ። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ፣ ባለ ትዳር ከሆናችሁ የሁለታችሁም ፊርማ። ገዢ በማይገኝበት ገበያ ገዢ የሚመጣው በድንገት ነው፤ ሲመጣም ወረቀት እስክታሰባስቡ አይቆምላችሁም።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ አንድ ሰው 100 ሺህ ብር ቀብድ ልስጣችሁና ሦስት ወር ጠብቁኝ አለ። ወንድሜ ተቀብለን ሌላም እንፈልግ አለ። የሕግ ባለሙያ የሆነች ጓደኛዬ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 አወጣችልኝ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አልተቀበልንም። ሰውየውም ተመልሶ አልመጣም።

ስለ ሦስተኛ ፎቅም እዚሁ ልጨርስ። ያ 6 ሚሊዮን ከ400 ሺህ የተባለው፣ የዋጋችን ሁሉ መሠረት የሆነው ሽያጭ፣ ሰኔ ላይ ከራሳቸው ከጎረቤታችን አንደበት እንደሰማሁት አንድ አሮጌ ቪትዝ መኪና ነበረበት። መኪናዋ በ1 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ተቆጥራ ነው የተሰጠቻቸው። «መኪናዋን በስንት ሸጧት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁና «ገና አልሸጥኳትም፣ ጋራዥ ናት» አሉኝ።

ነጋዴው

እስከ ሰኔ ድረስ የቆጠርኩት ብር ብቻ ነበር። ኅዳር ላይ እናቴ በሳምንት አራት ቀን ትወርድ ነበር፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሌላውን ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለቡና። ፋሲካ ሲያልፍ ሁለት ቀን ሆነ። ሰኔ ላይ እሑድ ብቻ ቀረ። ቀዩ ወንበር ላይ የምትቀመጥበት ጊዜም ረዘመ። አንድ እሑድ አብሬያት ስወጣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣ «ይሄ ወንበር ባይኖር እዚሁ አድር ነበር» አለችኝ። ቀልድ ነበር። ማታ ግን ያን ቀልድ ለወንድሜ ነገርኩት፤ ስለ ዶላር ሳያነሣ ስልኩን ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነጋዴው መጣ። መርካቶ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አለው። ተቀመጥ ቢባል አልተቀመጠም። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ የላይኛው ፎቅ ስለሆንን በክረምት ውኃ ሰርጎ እንደ ሻይ የፈሰሰ ቡናማ እድፍ ነበረበት። (ገዢ ከሆናችሁ የላይኛውን ፎቅ በሐምሌ እዩት፤ በጥር የታየ ጣሪያ ምንም አይናገርም።) ከዚያ ወጥ ቤት ገባ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ «ገበያው እኮ ቀዝቅዟል፣ እህቴ» አለኝ። ለቀባሪው አረዱት! አሥር ወር ሙሉ ስልክ ስጠብቅ የኖርኩትን ሰው ገበያው ቀዝቅዟል ይለኛል።

5 ሚሊዮን ከ100 ሺህ። በሲፒኦ፣ በዚህ ሳምንት፣ ብድር የለ፣ ተራ የለ። ከመኪናው ቁልፍ ጋር እየተጫወተ ነው የተናገረው። ያ የቁልፍ ድምፅ ነው ሌሊቱን ሲያስረግመኝ ያደረው።

ጠዋት እናቴ ቁርስ እያቀረበች «ስንት ጎደለ?» አለችኝ። ከኅዳሩ 300 ሺህ አልኳት። ጥቂት አሰብ አደረገችና «ልጅቷ ብትገባበት ደስ ይለኝ ነበር» ብቻ አለች። ደወልኩለት።

ማዶ

ነጋዴው እሺ እንዳለ ምድር ቤት ፍለጋ ተሯሯጥኩ። ደላላው ከእኛ ሕንጻ አምስት ብሎክ አልፎ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ምድር ቤት አገኘልኝ። ባለቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አዳማ ያለች ልጃቸው «ኑና ከእኔ ጋር ኑሩ» ብላ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል እያሠራችላቸው ነው። የጠየቁት 6 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ነበር።

ቤቱን ሳየው የገዢ ዓይን እንዴት በፍጥነት እንደሚበቅል ገረመኝ። በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አየሁ፤ ምድር ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፣ ከላይ ያሉት አራት ፎቆች የሚያፈሱት ሁሉ ሲዘጋ የሚመለሰው እዚያ ነውና። የሳሎኑ ግድግዳ ከሥር እርጥበት ጀምሮታል። የመታጠቢያ ቤቱ በር አይገጥምም። ይህን ሁሉ በልቤ እመዘግባለሁ፤ እያንዳንዱ ጉድለት ሃያ ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ እየሆነ ይደመርልኛል። ደስ እያለኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም። አሥር ወር የታጠፈ ወገቤ ቀና ሲል ተሰማኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ለካ እንዲህ ቀላል ነው፤ እንጨቱ እጅ ላይ እንዳለ እንኳ አይታወቅም።

አዛውንቱ ራሳቸው ቡና አፍልተው ነበር፤ ስኒው ውስጥ ስኳሩን የጨመሩት ሳይጠይቁኝ ነው። ሁለተኛውን ስኒ ይዤ ነው ተነሥቼ ወደ ግድግዳው የሄድኩት። አንኳኳሁ። ያን ቃል ተናገርኩ። «5 ሚሊዮን ከ900 ሺህ ብንል» አልኩ።

ዝም አሉ። ደላላው ስልኩን ማየት ጀመረ። አዛውንቱ ጀበናውን ከማቶቱ ላይ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ «እውነትሽን ነው፤ ቀዝቅዟል» አሉ። «እናትሽ አራተኛ ፎቅ ያለውን ሸጠው እንደሚገቡበት ደላላው ነግሮኛል። አንቺ ስትሸጪ ቢቀዘቅዝብሽ፣ ስትገዢ ይቀዘቅዝልሻል። እኔ ግን ሸጬ ልሄድ ነው ልጄ። እኔን የሚበርደኝ በአንድ ወገን ብቻ ነው።»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ልመናም አልነበረባቸውም። የሒሳብ ስህተቴን ያረሙልኝ ያህል ነው የተናገሩት።

ይቀዘቅዝብሻል፣ ይቀዘቅዝልሻል። አሥር ወር ሙሉ በወረቀትና በኮምፒውተር ስሠራው የነበረውን ሒሳብ እኒህ ሰው በአንድ «ብ» እና በአንድ «ል» ጨረሱት። እኔ የማለቅሰው በተሸጠበት ዋጋ ላይ ነበር። ሸጦ እዚያው ገበያ ውስጥ ለሚገዛ ሰው ግን ቁም ነገሩ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኅዳር ላይ የእኛ 5 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ሲሰጥበት፣ ያኔ ያየሁት ምድር ቤት 6 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ይጨርስ ነበር። ልዩነቱ 1 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ነው። አሁን ሁለቱም ወርደዋል፤ የምንገዛው ግን ከምንሸጠው ይበልጥ ወርዷል። ውድ የሆነው ቤት ሲበርደው በብር ሲቆጠር ብዙ ይጥላል። በሌላ አነጋገር ያ ስረግመው ያደርኩት ነጋዴ ከወሰደብኝ የበለጠ እኔ ከአዛውንቱ ልወስድ ተቀምጫለሁ።

ምን እንደምል አላወቅሁም። ስለ ዋጋ መናገር አሳፈረኝና «መቼ ነው አዳማ የሚሄዱት?» አልኳቸው። እንደ እውነቱ ወሬ ለማስቀየር ነበር። ፊታቸው ግን ተለወጠ። የልጃቸው ግቢ ክፍል ጣሪያ እንኳ አልለበሰም፤ ከጥቅምት በፊት አይደርስም። ከእኔ በፊት የመጣው ገዢ በአሥር ቀን ልቀቁ ብሏቸው ነው የፈረሰው። ለሁለት ወር ቤት መከራየት፣ ዕቃ ሁለት ጊዜ ማጓጓዝ፣ ብቻቸውን፣ በዚያ ዕድሜ። ስለ ዋጋው አንድ ሰዓት ስንነጋገር ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነሣም ነበር።

6 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ላይ ተስማማን። እሳቸውም እስኪሄዱ ያለ ኪራይ እንዲቆዩ። ይህን ሳደርግ ለእናቴ ሁለት ወር ተጨማሪ ደረጃ እየፈረድኩባት መሆኑ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። «ሁለት መኝታ አይደለም ወይ?» አለችኝ። «ነው።» «ታዲያ አንዱ ክፍል ለሳቸው ይሁን፤ እኔ እገባለሁ።» ለካ ጥያቄው ይህን ያህል ቀላል ነበር። የእኛን ፈርመን በሦስተኛው ቀን የእሳቸውን ፈረምን፤ መስከረም 2018 ከመጋመሱ በፊት እናቴ ምድር ላይ ነበረች።

ከየት የመጣ ትርፍ

ሒሳቡን ለወንድሜ ላክሁለት። ስንሸጥ 300 ሺህ አጣን፤ ስንገዛ 500 ሺህ ቀነሰልን። ልዩነቱ ከ1 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ወደ 1 ሚሊዮን ወረደ። ለደላላ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት በመቶ፣ ስንገዛ ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ሲደመርበት ሌላውን ክፍያ ሳልቆጥር 346 ሺህ ብር ወጣ። (ልዩነቱን ስታሰሉ ይህን ሳትጨምሩ እንዳትፈርሙ፤ ብዙ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ በር ላይ ቆሞ ነው ስልክ የሚደውለው።) ከእኔ ዕቁብ ወጥቶ የጎደለውን ወንድሜ 5 ሺህ ዶላር ላከ፤ ከ650 ሺህ ብር በላይ ሆኖ ደረሰ። በ57 ቢመነዘር 285 ሺህ ብር ነበር። ቤቱን ግማሽ ያደረገበት ምንዛሪ ስጦታውን እጥፍ አደረገለት። ይህን ስጽፍለት «አየሽ፣ መጠበቃችን ትክክል ነበር!» ብሎ መለሰ።

ምን ልበለው? በቁጥሩ ተሳስተሃል ልለው አልችልም፤ አልተሳሳተም። ግን ያ 500 ሺህ ከሰማይ አልወረደም። ለሃያ ዓመት የወር ደመወዝ ሲቆጥቡ ከኖሩ ሰው ኪስ ነው የወጣው። እሳቸው ኅዳር ላይ ቢሸጡ ሌላ ሰው ይከፍላቸው ነበር፤ የእኔ መጠበቅ ለእኔ ሲያተርፍ የእሳቸው መጠበቅ ለእሳቸው አላተረፈም። እናቴ ያልወረደቻቸው ቀናት ደግሞ በየትኛው ዓምድ እንደሚገቡ እስካሁን አላገኘሁም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዓምድ የሌለው ነገር ያስጨንቀኛል።

ለዚህ ነው ምክር የሚጠይቀኝን ሰው ዛሬ «ስንት ልበል?» ከማለቱ በፊት «ሸጠህ ወዴት ነህ?» የምለው። እዚያው የሚገዛ ከሆነ በሚሸጥበት ዋጋ ላይ አንድ ዓመት እንዳይሟገት እነግረዋለሁ፤ ሁለቱን ቤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ይጠብቅ። ሸጦ የሚወጣ ከሆነ፣ ወደ ልጁም ይሂድ ወደ ሌላ አገር፣ ብርዱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ማከራየትና መቆየት ነውር የለውም። አቅሙ ካልፈቀደ ደግሞ ከዋጋው ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው ለገዢው ይንገር፤ ጊዜ ይሁን፣ የክፍያው አኳኋን ይሁን፣ ዕቃ ማስቀመጫ ይሁን። በቀዘቀዘ ገበያ ገዢ ብር ለመጨመር እጁ ይታሰራል፤ ሁለት ወር ለመጨመር ግን ብዙውን ጊዜ አይታሰርም። አዛውንቱ ይህን አልነገሩኝም ነበር፤ እኔም ያገኘሁት ሳፍር ነው።

ዕቃ በተጫነበት ቀን ወዛደሮቹ ቀዩን ወንበር ከሌላው ጋር አይሱዙው ላይ ጫኑት። እናቴ መኪናው እንዲቆም አደረገችና አስወረደችው። «የደረጃው ነው፣ መልሱት» አለች። አንዱ ልጅ እያጉረመረመ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይዞት ወጣ።

ከአዛውንቱ ጋር ስድስት ሳምንት አብረው ኖሩ። እሳቸው ጠዋት ቡናውን ያፈላሉ፣ እናቴ ሽሮውን ትሠራለች። የመታጠቢያ ቤቱን በር ያስገጠሙት እሳቸው ናቸው፤ ከተሸጠ በኋላ። ስለ ፍሳሹም በየትኛው ወር እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚጠራ በወረቀት ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጠፉልን። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

ጥር ላይ ለጥምቀት ደወሉልኝ። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁ፣ ስለ ፍሳሹ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የልጃቸው ግቢ ልጅ በዝቶበት እንደሚንጫጫ፣ እዚያው አቅራቢያ አንዲት ትንሽ ቤት እንዳዩ ነገሩኝ።

«ገበያው እዚህም ቀዝቅዟል፣ ልጄ» አሉኝ።

«ቀዝቅዞብዎት ነው ወይስ ቀዝቅዞልዎት?» አልኳቸው።

ከልባቸው ሳቁ። «ቆይ እስቲ፣ ገና ግድግዳውን እያንኳኳሁ ነው» አሉኝ።